ስለ ዘገየ ዋጋ

በገበያ መካከል ሚዛን ሲዋሽ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ ነጋዴ የሚዛኑን ድንጋይ በሥር በኩል ፍቆ ያቀለዋል፤ ሁለተኛው ድንጋዩን ሳይነካ ሳህኑን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ቡናውን በውሃ አርሶ ያመጣል። እነዚህ የታወቁ ማታለያዎች ስለ ሆኑ ገዢውም ዓይኑን ከነጋዴው ጣት ላይ አይነቅልም። እኔ ግን ዛሬ ለወጣቶች አንባቢዎቼ ላነሣ ያሰብኩት ሌላ ዓይነት ሐሰት ነው፤ ይኸውም ሚዛኑ እውነተኛ፣ ብረቱ እውነተኛ፣ ዳኞቹም በዓይናቸው ያዩትን የፈረዱ ሆነው ሳሉ ፍርዱ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ነገር ነው። ይህ እንደ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ቢኖር የአንዲት ሴት ታሪክ እነግረዋለሁ።

ስምዋ ክሪስቲን ዢራር ይባላል። አገርዋ ካናዳ ነው። የተወለደችው በ1985 ዓ.ም. ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ያደገችው ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በኬቤክ ክፍል፣ ሩዊን ኖራንዳ በምትባል የማዕድን ከተማ ነው። ገና በልጅነትዋ የያዘችው ሥራ ብረት ማንሣት ነበረ። ወንዶች በዚህ ሥራ በኦሎምፒክ መወዳደር የጀመሩት በ1896 ዓ.ም. በአቴና ነው፤ ሴቶች ግን የዓለም ውድድር የተደረገላቸው በ1987 ዓ.ም. ሲሆን የኦሎምፒክ በር የተከፈተላቸው በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ነው። እንግዲህ ወንዱ ከገባበት ቤት ሴቲቱ እስክትገባ ድረስ መቶ አራት ዓመት ደጅ ቆማለች ማለት ነው። በሩ ሲከፈት ክሪስቲን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች።

ሴት ልጅ ከብረት ጋር ምን አላት ብሎ የሚስቅ ሰው አሁንም አይጠፋም። ያው ሰው ግን ከእንጦጦ ቁልቁል የማገዶ እንጨት ተሸክማ ጐንበስ ብላ የምትወርደውን ሴት ሲያይ አይስቅም፤ አይደነቅምም። ሸክሙ ለማጀት ሲሆን ለሴት የተገባ፣ ሜዳልያ የሚያስገኝ ሲሆን ግን ያልተገባ የሚሆንበት ሕግ ከየት እንደ መጣ ሊያስረዳኝ የቻለ የለም። ይህን በመንገዴ አነሣሁት እንጂ ነገሬ ሌላ ነው።

ውድድሩ የሚደረገው እንዲህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ በሰውነታቸው ክብደት ተለይተው ይመደባሉ፤ ክሪስቲን የነበረችበት እስከ 63 ኪሎ የሚመዝኑ ሴቶች ክፍል ነበረ። እያንዳንዷ ሁለት ዓይነት አነሣሥ ታሳያለች። በመጀመሪያው ብረቱን ከወለሉ ነጥቃ በመካከል ሳታሳርፍ ባንድ ጊዜ ከራስዋ በላይ ታደርሰዋለች፤ በሁለተኛው አስቀድማ እስከ ትከሻዋ ታመጣውና ትንፋሽዋን ሰብስባ ከዚያ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሙከራ ይፈቀድላታል። ሦስት ዳኞች ተቀምጠው ነጭ ወይም ቀይ መብራት ያበራሉ፤ ሁለቱ ነጭ ካበሩ ተነሥቷል፣ ሁለቱ ቀይ ካበሩ አልተነሣም። ከሁለቱም አነሣሥ የተሻለው ተደምሮ ውጤት ይሆናል።

በዚህ ውስጥ ለአድልዎ የሚሆን ቀዳዳ እምብዛም አይገኝም። የዘፈን ዳኛ ይህ ድምፅ ደስ አለኝ፣ ያኛው አላለኝም ሊል ይችላል፤ 100 ኪሎ ብረት ግን ለሀብታምም ለድኻም፣ ለካናዳም ለሩሲያም ልጅ 100 ኪሎ ነው። እኔም ይህን ጨዋታ ከሌላው አስበልጬ የወደድሁት በዚሁ ምክንያት ነበረ። ብረት ወዳጅ የለውም እያልሁ።

በ2008 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሎምፒክ ክሪስቲን በጠቅላላው 228 ኪሎ አነሣች። ሦስተኛ የወጣችው የታይዋን ተወዳዳሪ 231 ኪሎ አንሥታለች። ሦስት ኪሎ ማለት እናቶቻችን ከጉልት በዘንቢል ይዘው የሚመለሱት ሽንኩርት ነው። በዚያች ሦስት ኪሎ ምክንያት ክሪስቲን አራተኛ ሆነች። በኦሎምፒክ አራተኛ ማለት ደግሞ እንግዳ ነገር ነው። በዓለም ካሉት ሴቶች ሁሉ የሚቀድሙት ሦስት ብቻ ሆነው ሳለ ሜዳልያ የለውም፣ የሚቆምበት ደረጃ የለውም፣ ባንዲራውም አይሰቀልለትም፤ መጨረሻ ከወጣው ጋር በአንድ በር ወጥቶ ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ አራት ዓመት ሠራች። በ2010 ዓ.ም. በዴልሂ በኮመንዌልዝ ውድድር፣ በ2011 ዓ.ም. በጓዳላሃራ በአሜሪካ አገሮች ውድድር አንደኛ ወጣች። ባልዋ ፖሊስ ነበረና ኑሮዋቸው በካናዳ ምዕራብ ዳርቻ ዋይት ሮክ በምትባል ከተማ ሆነ። ልምምድዋንም ከቤታቸው ጋር በተያያዘው የመኪና ማቆሚያ ዳስ ሥር አደረገችው፤ ባልዋም አሠልጣኝዋ ሆነ። እንዲህ ያለ ዳስ ጣሪያ እንጂ በቂ ግድግዳ የለውም። ብረት በብርድ ወራት እጅን እንደሚነክስ የያዘው ሰው ያውቃል። ታላላቆቹ መንግሥታት ለሻምፒዮኖቻቸው ሐኪምና ወጌሻ፣ ምግብ አብሳይና አዳራሽ በሚያዘጋጁበት ዘመን ይህች ሴት ወደ ኦሎምፒክ የተነሣችው መኪና ከሚቆምበት ስፍራ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በለንደን በመጀመሪያው አነሣሥ 103፣ በሁለተኛው 133፣ በድምሩ 236 ኪሎ አነሣች። 133 ኪሎ ማለት አንድ ኩንታል ጤፍ ወስዶ በላዩ የሌላ ኩንታል ሢሶ ጨምሮ ከራስ በላይ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው፤ ይህም ከራስዋ ክብደት ከሁለት እጥፍ ያልፋል። ሁለተኛዋ 237 ኪሎ፣ አንደኛዋ 245 ኪሎ አነሡ። ክሪስቲን በአንድ ኪሎ ተቀድማ ሦስተኛ ሆነችና የነሐስ ሜዳልያ በአንገትዋ ገባ። በክብደት ማንሣት የኦሎምፒክ ሜዳልያ ያገኘች የመጀመሪያዪቱ ካናዳዊት ሴት እርስዋ ናት። ደስታዋም ሙሉ ነበረ። ከዚያም ብረቱን አስቀመጠች፤ እናትም ሆነች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ያማረ ታሪክ ነበረ። አላበቃም። ከዓመታት በኋላ እንደ ተረጋገጠው፣ በቤይጂንግ ሁለተኛ የወጣችው፣ በለንደንም አንደኛና ሁለተኛ የወጡት፣ አራተኛዋም ጭምር፣ ጡንቻ የሚያበዛ የተከለከለ መድኃኒት በሰውነታቸው ውስጥ ነበረ። ከለንደኖቹ የመጀመሪያ አራት ውስጥ ሳይሰረዝ የቀረው የክሪስቲን ስም ብቻ ነው። እንግዲህ ብረቱ አልዋሸም፤ 245 ኪሎው በእርግጥ 245 ኪሎ ነበረ። ነጩ መብራትም አልዋሸም፤ ብረቱ በእርግጥ ከራስ በላይ ቆሟል። ሐሰቱ የነበረው ማንም ዳኛ ሊያየው በማይችል ስፍራ፣ በሥጋና በደም ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንመርምር። በለንደን ያን ቀን ክሪስቲን በደረጃው ላይ ቆማ ደስ ሲላት ተበድላ ነበረን? የማያውቁት ነገር አይጎዳም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። አንድ አባት ለልጁ ሁለት ጋሻ መሬት ተናዝዞ ሞተ እንበል። የኑዛዜው ጸሐፊ አንዱን ጋሻ ለራሱ ደብቆ አንዱን ብቻ አነበበለት። ልጁም አንድ ጋሻ አገኘሁ ብሎ አባቱን እየመረቀ ደስ ብሎት ኖረ። ያልጐደለበት ነገር እንደሌለ የሚመስለው ልጁ ራሱ ነው። ታዲያ አልተበደለም ልንል ነውን? እንዲህ ካልን በብልሃት የሰረቀና ሳይታወቅበት የሞተ ሌባ ንጹሕ ሰው ሊሆን ነው፤ ይባስ ብሎም ምሥጢሩን የገለጠው ሰው የልጁን ደስታ ስላፈረሰ በዳይ እርሱ ሊሆን ነው። ይህን የሚቀበል አእምሮ ያለው ሰው አላየሁም። ስለዚህ በደል የሚለካው በተበዳዩ ልቅሶ አይደለም። ክሪስቲን በሳቀችበት ሰዓት ተበድላለች።

ለመሆኑ እውነቱ እንደ ምን ወጣ? እኛ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ይህን ተረት ስሰማ አድጌአለሁ፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን ንጋት ማንም ሳይደክምበት በራሱ ይነጋል፤ ዶሮው ባይጮህም ይነጋል። እውነት እንዲህ በራስዋ ስትጠራ አላየሁም። በኦሎምፒክ ከተወዳዳሪዎቹ ሽንት ተቀብለው በሁለት ጠርሙስ ከፍለው ያሽጉታል፤ የተረፈውንም በብርቱ ቅዝቃዜ ለዓመታት ያስቀምጡታል። በ2008ም በ2012ም የነበረው የምርመራ ዘዴ ከነዚያ ጠርሙሶች ምንም አላገኘም። በኋላ ግን ሊቃውንት አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ሰውነት መድኃኒቱን ሲፈጨው አብዛኛው ምልክት ቶሎ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ረቂቅ ዝቃጭ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ያንን ዝቃጭ የሚለይ ዘዴ ተገኘ። በ2016 ዓ.ም. የኦሎምፒክ ኮሚቴ አሮጌዎቹን ጠርሙሶች አስወጥቶ እንደገና አስመረመረ፤ ከስፖርቱም ሁሉ ይልቅ ብዙ ጥፋት የተገኘው በክብደት ማንሣት ነው። እንግዲህ ያችን ጠርሙስ ያሸገ፣ ቁጥርዋን የጻፈ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይጠፋ በሌሊት የጠበቀ ሰው ነበረ ማለት ነው። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ አይነገርም፤ ሜዳልያም አልተሰጠው። ከነዚህ ሰዎች አንዱ በስንፍናው ጠርሙሱን ቢጥለው ኖሮ እውነቱ እስከ ዛሬ ባልነጋ ነበር።

ዲሴምበር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. በካናዳ ዋና ከተማ በኦታዋ ክሪስቲን ሁለት ሜዳልያ ባንድ ቀን ተቀበለች፤ የቤይጂንጉ ነሐስ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የለንደኑ ወርቅ ከስድስት ዓመት በኋላ ደረሰላት። በክብደት ማንሣት የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ ከእርስዋ በፊት በካናዳ ወንድም ሴትም አልነበረም። ከሜክሲኮ የመጣችውና በለንደን ስድስተኛ የነበረችው ሴት ደግሞ ሦስተኛ ሆና ነሐስ አገኘች።

ተመስገን፣ ፍርድ ተገኘ ብለን መሄድ እንችላለን። እኔ ግን አልቸኩልም። ተማሪ ሳለሁ በክፍላችን ሁልጊዜ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነበረ። አንድ ዓመት ሌላው ቀደመውና ሁለተኛ ሆነ። አባቱ ብርቱ ሰው ነበሩና ሰነፍህ ብለው በአለንጋ ገረፉት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ የቀደመው ልጅ የፈተናውን ወረቀት አስቀድሞ አግኝቶ እንደ ነበረ ራሱ እየሳቀ አወራ። ወሬው ለአባትየው ደረሰ። ልጃቸውን ጠርተው አዘኑለት፤ አዲስ ጫማም ገዙለት። ጫማው ደግ ነገር ነው። ግርፋቱን ግን ከጀርባው ሊያነሡለት አልቻሉም። ከግርፋቱም የባሰ ነገር ነበረ፤ ያ ልጅ ከዚያ ዓመት ጀምሮ እኔ ለካ ሰነፍ ነኝ ብሎ አምኖ ነበር። ጓደኛዬ ስለ ነበረ አውቃለሁ። እጁን ያወጣ የነበረው ልጅ እጁን ማውጣት ትቶ ነበር። ጫማው በመጣ ጊዜ ይህ ልማድ ሆኖበት ቈይቷል።

ክሪስቲንም ከ2008 እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በቤይጂንግ ሦስት ኪሎ ጐደለብኝ ብላ ስታስብ ኖራለች። አልጐደለባትም ነበር። ሰው ከተሸነፈ በኋላ ጥፋቱን በራሱ ሥራ ውስጥ ይፈልጋል፤ በዚያ ቀን አብዝቼ ተኝቼ ነበረን፣ ትንፋሼን አለጊዜው ለቀቅሁን ይላል። በሌለበት ስፍራ የተፈለገ ጥፋት ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የተሸነፈ ይናገር። ደግሞም በለንደን አዳራሽ ውስጥ ሊሰማ የሚገባው የካናዳ መዝሙር በዚያ አዳራሽ አልተሰማም፤ በዚያ ምሽት በሩዊን ኖራንዳ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠች ልጅ የአገርዋን ሴት ከሁሉ በላይ ቆማ አላየችም። በ2018 ዓ.ም. ያች ልጅ አድጋ ሌላ ሥራ ይዛለች። ሜዳልያ ተመልሶ የሚሰጥ ዕቃ ነው፤ ምሽት ግን አይመለስም።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። ሊዲያ ቫለንቲን የምትባል የስጳኝ ሴት በዚያው በለንደን በ75 ኪሎ ክፍል አራተኛ ወጣች። የቀደሙዋት ሦስቱ ሴቶች በኋላ ሦስቱም ተሰረዙና ወርቁ የእርስዋ ሆነ። የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ብታዩ በደረጃው ላይ ሦስት ሴቶች ቆመው ይስቃሉ፤ አሸናፊዪቱ በፎቶግራፉ ውስጥ የለችም።

አሁን ደግሞ አጽናኞች ይመጣሉ። ምግባር ለራሱ ዋጋው ነው፣ ንጹሕ ሕሊና ከወርቅ ይበልጣል ይሉናል። ይህ ቃል ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ማን እንደሚናገረው ማየት ያሻል። ሠራተኛውን አሠርቶ ደመወዙን ያልከፈለ ጌታ ወዳጄ፣ በትጋት መሥራት ራሱ ደስታ አይደለምን ቢለው መልሱ ምን ይሆናል? ቃሉን ሠራተኛው ለራሱ ሲናገረው ጥበብ ነው፤ ባለ ዕዳው ሲናገረው ስርቆት ነው። ስለዚህ እኛ፣ ማለት የምንመለከትና የምናጨበጭብ፣ የምንፈርድና የምንሸልም ሰዎች፣ ክሪስቲንን ሕሊናሽ ይበቃሻል ልንላት መብት የለንም። እርስዋ ብትለው ሌላ ነገር ነው።

እርስዋ ልትለው የምትችልበት ምክንያት አለ፤ ከዚህ ቀጥዬ የምናገረው ስለዚህ ነው። በዚያ ዘመን መድኃኒት የሚወስዱ ተወዳዳሪዎች እንዳሉ በሥራው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይጠረጥር ነበር። ጠርጥሮ ንጹሕ ሆኖ መቅረት ሳይጠረጥሩ ንጹሕ ከመሆን እጅግ ይከብዳል። ሁሉም ይወስዳል፣ እኔ ብወስድ ከሰው እኩል ሆንኩ እንጂ ማንን አታለልኩ የሚል ድምፅ ማታ ማታ ይመጣል። ይህ ክርክር እንዲሁ የሚናቅ አይደለም፤ ፈተና የሚሰርቅ ተማሪም፣ ጉቦ የሚቀበል ጸሐፊም፣ ቡና የሚያርስ ነጋዴም የሚይዘው ይህንኑ ነው። ሁላችንም አንድ ቀን ይዘነው እናውቃለን።

መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው አጭር ነው፤ ሁሉም አይወስድም። ሁሉም የሚለው ቃል ሰው የራሱን ጥፋት የሚያካፍልበት ሳህን ነው። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ያለ ነው። በእነዚያ 245 ኪሎዎች ውስጥ ስንቱ የክንድዋ፣ ስንቱ የመድኃኒቱ ነበረ? ማንም ሊነግረን አይችልም። አሠልጣኝዋም አያውቅ፣ ሐኪምዋም አያውቅ፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ራስዋም አታውቅ። ምናልባት ያለ መድኃኒቱም ማሸነፍ ትችል ነበር። ምናልባት 230 ኪሎ ያቅታት ነበር። ይህን የምታውቅበት መንገድ ለዘለዓለም ተዘግቶባታል፤ ወጣትነትዋ አልፏልና ተመልሳ ልትፈትነው አትችልም። የክሪስቲን 236 ኪሎ ግን ከመጀመሪያዪቱ ኪሎ እስከ መጨረሻዪቱ የእርስዋ ነው። በዓለም ላይ ስለ ራሱ ይህን ያህል በቁርጥ የሚያውቅ ሰው ስንት ነው? እኔ ብዙ መጻሕፍት አንብቤ ብዙ ዓመት ኖሬ ኃይሌ የት ላይ እንደሚያልቅ እስከ ዛሬ አላውቅም። እርስዋ ግን በሁለተኛው አነሣሥ 133 ኪሎ መሆኑን ታውቃለች። ይህ እውቀት ከኦታዋ የመጣ አይደለም። ሜዳልያው ባይመጣም አብሯት ይኖር ነበር።

የተያዙትን ሴቶች ስም ሆን ብዬ አልጻፍሁም። ንጹሖች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ጥፋታቸው በማስረጃ ተረጋግጧል። ነገር ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት በምሥራቅ ጀርመን ለወጣት ሴቶች ልጆች ቪታሚን ነው እየተባለ ይህን የመሰለ መድኃኒት ይሰጣቸው እንደ ነበረ፣ አንዳንዶቹም ዕድሜ ልካቸውን ታመው እንደ ቀሩ፣ በኋላ በበርሊን ፍርድ ቤት ተሰምቷል። አንዲት ልጅ ኪኒኑን ስትውጥ ከኋላዋ ማን እንደ ቆመ ጠርሙሱ አይናገርም። ጠርሙሱ የሚመሰክረው ስለ ዋጠችው ብቻ ነው፤ ያዋጣት ሰው ብዙ ጊዜ ሌላዪቱን ልጅ እያሠለጠነ ይቀመጣል።

ምሥራቅ ጀርመንን ካነሣሁ ዘንድ ከሁሉ የከበደውን ጥያቄ ልሸሽ አልችልም። በ1976 ዓ.ም. ኦሎምፒክ የተደረገው በካናዳ፣ በሞንትሪያል ነው። በዋና የምሥራቅ ጀርመን ሴቶች ከ13 ውድድር 11ዱን አሸነፉ። የካናዳ ልጆችም በገዛ አገራቸው ውሃ ውስጥ ከእነርሱ ኋላ ቀሩ። የመድኃኒቱ ነገር ከዓመታት በኋላ በመንግሥቱ በራሱ ሰነድ ተገለጠ፤ መዝገቡ ግን አልተለወጠም። ያን ጊዜ ለዓመታት የተቀመጠ ጠርሙስ አልነበረም፤ የእያንዳንዷ ጥፋት በእያንዳንዷ ላይ አልተቈጠረም። በሞንትሪያል ሁለተኛና ሦስተኛ፣ አራተኛም የወጡት ሴቶች ዛሬ አያቶች ሆነዋል። ኦታዋ የጠራቸው የለም።

ታዲያ ክሪስቲን አሸነፈች፣ እነርሱ ግን ተሸነፉ ልንል ነውን? እኔ እንዲህ አልልም። በ2018 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ክሪስቲንን አሸናፊ አላደረጋትም፤ አሸናፊ ሆና አገኛት እንጂ። ማድረግና ማግኘት ልዩ ልዩ ናቸው። ወርቅ ቆፋሪ ወርቁን አይፈጥረውም፤ ሳይቆፈርም ወርቅ ነበረ። የሞንትሪያሎቹም ሴቶች ያልተቆፈረ ወርቅ ሆነው ቀርተዋል። ይህን ስል ግን አጽናኞቹን ወቅሼ እኔው ራሴ አጽናኝ እንዳልሆን እፈራለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልጨምር። ላልተጠሩት ያለብን ዕዳ ለተጠራችው ከነበረብን ይበልጣል፤ የምንከፍልበትንም መንገድ እስከ አሁን አላገኘነውም።

ከለንደን ኦሎምፒክ መዝገብ የ63 ኪሎ ሴቶች ገጽ ዛሬ ሲገለጥ በመጀመሪያው መስመር ላይ ክሪስቲን ዢራር፣ ካናዳ፣ 236 ኪሎ ይላል። በ2012 ዓ.ም. በዚያ ምሽትም የተጻፈው 236 ኪሎ ነበረ። ከስምዋ ፊት የነበረው 3 ብቻ ተፍቆ 1 ተጽፎበታል።